«ብልህ» ማሸጊያ ወይስ «ጠቋሚ» ማሸጊያ?

ከዕፀዋት ተዘጋጅተው ለምግብ ማሸጊያ ስለሚውሉ ናኖ ቁሶች የተጻፈን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሦስት ቃላት ይፈትኑታል፤ እነርሱም «ናኖ»፣ «ሞዲፋይድ» እና «ስማርት» ናቸው። ቀድመው ወደ አፍ የሚመጡት አቻዎች፣ ማለትም «ረቂቅ»፣ «የተለወጠ» እና «ብልህ»፣ ለጆሮ ቢጥሙም ጽንሰ ሐሳቡን ያዛባሉ።

«ረቂቅ» አስቀድሞ ሌላ ሥራ የያዘ ቃል ነው። በሕግ ያልጸደቀ ጽሑፍ፣ በሥነ ሕይወትም በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ይጠራበታል። «ረቂቅ ቁሱ ረቂቅ ተሕዋስያንን ያግዳል» ስንል ልዩ ልዩ ነገሮች በአንድ ስም ይደባለቃሉ። «ናኖ» ግን የአንድ ቢሊዮንኛ መለኪያ ስለ ሆነ፣ እንደ «ኪሎ» እና «ሚሊ» በውሰት ሊገባ ይገባዋል።

«የተለወጠ»ም «ልውጠ ሕያው» ከሚለው ስያሜ ጋር ስለሚዛመድ አንባቢውን ወደ ዘረ መል ይመራዋል። እዚህ ግን ከጥጥ ወይም ከአገዳ የወጣው ሴሉሎስ ውሃን እንዲቋቋም ገጹ በኬሚካል ይቀየራል እንጂ የተክሉ ዘር አይነካም። «ገጹ የተቀየረ» ማለት ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው «ብልህ» ነው፤ ሁለት ነገሮችን ይጨፈልቃልና። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ቁጥር 450 ደንብ ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል። አንደኛው በምግቡ ዙሪያ ያለውን ኦክሲጅን ወይም እርጥበት የሚመጥ ወይም ጠቃሚ ንጥረ ነገር የሚለቅ ነው፤ ይህን «አስተካካይ ማሸጊያ» እንበለው። ሁለተኛው የምግቡን ሁኔታ የሚያሳይ ነው። ለዚህ ምሳሌው ከመተማ ገበያ ሩቅ አይደለም። የከርከዴ ቀለም በአሲድ ይቀላል፤ በአልካላይ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሥጋ ወይም ዓሣ ሲበላሽ አሞኒያን የመሰለ ተን ስለሚያወጣ፣ ይህ ቀለም የተቀላቀለበት ስስ ሽፋን መልኩን ይለውጣል። ሽፋኑ አይመክርም፣ አይፈርድም፤ ይጠቁማል። ስለዚህ «ጠቋሚ ማሸጊያ» ይባል።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። የመተማ ሰሊጥ ተፈጭቶ ኦክሲጅን በሚመጥ ማሸጊያ ቢቀርብ፣ «ብልህ» የሚለውን ያነበበ ሸማች የማይመጣ የቀለም ምልክት ሲጠብቅ የተበላሸውን ሊበላ ይችላል። ደንቡም የሚበሉ ሊመስሉ በሚችሉ የማይበሉ ክፍሎች ላይ «አይበላም» የሚል ጽሑፍ እንዲኖር ያዘዘው ሸማቹ የማይበላውን ክፍል ለይቶ እንዲያውቅ ነው።

«ከርከዴ» የሚለው ቃል ከዕቃው ጋር ድንበር ተሻግሮ ያለ ተርጓሚ ለምዷል። «ናኖ»ም እንዲሁ ይለምዳል። ጥንቃቄያችንን ለሸማቹ ሕይወት በሚተርፉት ስያሜዎች ላይ እናውል።