ግብን በዘወርዋራ መንገድ ስለ ማግኘት፤ በጆን ኬይ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሒስ

ስኮትላንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ኬይ «ኦብሊኲቲ» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው በፈረንጆች አቈጣጠር በ2010 ነው። አሳቡ ባጭሩ ሲነገር፣ እጅግ የተፈለገ ነገር በቀጥታ ሲያሳድዱት ይሸሻል፤ ሌላ በጎ ሥራ ሲሠሩ ግን ራሱ ተከትሎ ይመጣል የሚል ነው። ደስታን ብቻ የሚሻ ሰው ደስታን አያገኝም፤ ትርፍን ብቻ የሚቈጥር ኩባንያም አትራፊ ሆኖ አይዘልቅም።

ደራሲው ከሚያቀርባቸው ምስክሮች አንዱ አይ.ሲ.አይ. የተባለው የእንግሊዝ የኬሚካል ኩባንያ ነው። ኩባንያው ኬሚስትሪን ለሰው ጥቅም ማዋልን ዓላማው አድርጎ በቈየበት ዘመን፣ ጄምስ ብላክ በቤተ ሙከራው ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብ መድኀኒት አገኘ። በ1990ዎቹ ግን የባለ አክሲዮኖችን ጥቅም ማብዛት ቀዳሚ ዓላማ ሆነ፤ የመድኀኒቱ ክፍል በ1993 ተለየ፤ የቀረውንም በ2008 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ጠቀለለው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደ ተባለው ሆነ።

ሁለተኛው ምስክር ቦይንግ ነው፤ ይህም ለእኛ በሩቅ የሚነበብ ታሪክ አይደለም። ደራሲው እንደሚለው ቦይንግ የታወቀው መሐንዲሶቹ አውሮፕላን መሥራትን በመውደዳቸው ሲሆን፣ በኋላ ግን የአክሲዮን ዋጋ ቀደመ። መጽሐፉ በታተመ በዘጠነኛው ዓመት፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው 737 ማክስ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከአራት ወር ያህል በፊትም በኢንዶኔዥያ በተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰዎች ሞተው ነበር። አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው መሣሪያ በአንድ መለኪያ ብቻ ይመራ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ ከኤርባስ ጋር የተደረገው ውድድርና የወጪ ቍጠባ ግፊት ደኅንነትን እንደ ጐዱ ገለጸ። ደራሲው ስለ ትርፍ የጻፈው ማስጠንቀቂያ በሰው ነፍስ ተረጋገጠ ለማለት እንደፍራለን።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን ያለ ነቀፋ ልናልፈው አይገባም። በመጀመሪያ፣ ምስክሮቹ የተመረጡት ፍጻሜያቸው ከታወቀ በኋላ ነው። ሥራን መውደድ ብቻውን የሚያበለጽግ ቢሆን ኖሮ ኮንኮርድ የተባለው አውሮፕላን ባበለጸገ ነበር፤ ነገር ግን የተሠራው 20 ብቻ ነው፤ የወጣበትንም ገንዘብ ሳይመልስ በ2003 በረራውን አቆመ። ሁለተኛም፣ ነጋዴው «ደንበኛዬን የማከብረው ትርፉ እንዲበዛልኝ ነው» ካለ፣ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ቀጥተኛ ሆነ ማለት ነው። ደራሲው ይህን እንቈቅልሽ ይነካዋል እንጂ አይፈታውም።

ከአንባቢዎች መካከል «ይህማ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው» የሚል ይኖራል። እኛ ግን አንስማማም። ቅኔ ተቀኚው ወርቁን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚሰውረው ከሰሚው ነው። ልጅ ሊጠይቁ የሄዱ ሽማግሌዎችም ነገሩን ዙሪያውን ቢያዞሩት የመጡበትን ጉዳይ ስተውት አይደለም። የኬይ ሠራተኛ ግን ወርቁን ራሱም አያውቀው፤ በሥራው መካከል ያገኘዋል። ሁለቱን ማደባለቅ፣ ለሚሸሽግ ሰው የጥበበኛ ስም መስጠት ይሆናል። በመሥሪያ ቤት ጥያቄ ቀርቦለት መልሱን የሚያድበሰብስ ሹም በዘወርዋራው መንገድ ሄደ አይባልም፤ አልሄደምና።

እንግዲህ ከመጽሐፉ የምንወስደው ትምህርት ዙሪያውን መሄድ ሁሉ ይጠቅማል የሚል አይደለም። ሥራውን በሚገባ የሚሠራ ሰው ትርፍ ይምጣለት አይምጣለት አስቀድሞ ሊታወቅ አይችልም፤ ሥራውን ለትርፍ ሲል ያጓደለ ግን ጕዳቱን ለሌላው ያተርፋል። ቢሾፍቱ ላይ የታየው ይኸው ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ለብልጽግና መመሪያ ሆኖ ሳይሆን፣ ስለ ሥራ ክብር የቀረበ ክርክር ሆኖ ቢነበብ የበለጠ ይጠቅማል እንላለን።