ተቀባዮቹ የት ሄዱ?

ሙዚቃ አዋቂ ነን የሚሉ ወዳጆቼ «ምርጥ ዘፈኖች» የሚል ጽሑፍ ያለበትን አልበም ይንቃሉ። ለእነርሱ እንዲህ ያለው ስብስብ ለሰነፍ አድማጭ ተጠቅልሎ የቀረበ ጉርሻ ነው። ቁም ነገረኛ አድማጭ ሙሉውን አልበም ከዳር እስከ ዳር ይሰማል ባዮች ናቸው። ይሁን ብዬ ላልፈው እችል ነበር። በዘ ሱፕሪምስ ጉዳይ ግን አልስማማም።

የእነዚህ የዲትሮይት ሴቶች ዘፈኖች የተሠሩት በነጠላ ሸክላ እንዲወጡ፣ ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የሬዲዮ አድማጭን ቀጥ አድርገው እንዲይዙ ነው። ሞታውን አልበም ሲያወጣ ሁለት ሦስት የታወቁ ዘፈኖችን ከፊት አሰልፎ የቀረውን ብዙ ጊዜ በመሙያ ይሞላው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1969 አሥራ ሁለት ነጠላ ዘፈኖቻቸው በአሜሪካ ሰንጠረዥ 1ኛ ወጥተዋል። ከእነዚህ አሥሩን የደረሱት ሁለቱ የሆላንድ ወንድማማቾችና ላሞንት ዶዚየር ናቸው። አምስቱ ደግሞ በ1964 እና በ1965 በተከታታይ የወጡ ናቸው፤ ያውም ቢትልስ አገሩን ባጥለቀለቁበት ሰዓት! እንዲህ ላለ ቡድን ዋናው ሥራ ስብስቡ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ታዲያ ጣጣው ወዲህ ነው። ዋናው ሥራ ስብስቡ ከሆነ፣ ሽፋኑ ላይ የሚጻፈው ስም ታሪክ ይሆናል።

በነሐሴ 1967 ሃያ ዘፈኖች የያዘ ባለ ሁለት ሸክላ ስብስብ ወጣ። አምስት ሳምንት 1ኛ ሆኖ ቆየ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም «ዲያና ሮስ እና ዘ ሱፕሪምስ» ነው። እስቲ ልብ በሉ፤ ከሃያዎቹ አንዱም እንኳ በመጀመሪያ በወጣበት ጊዜ ይህን ስም አልያዘም። ሁሉም «ዘ ሱፕሪምስ» ተብለው የወጡ ናቸው። አዲሱ ስም ሥራ ላይ የዋለው ስብስቡ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ በዚያው ሰሞን ፍሎረንስ ባላርድ ከቡድኑ ተሰናብታ ሲንዲ በርድሶንግ ተተካች።

ፍሎረንስ ማን ናት? ቡድኑ ገና «ፕራይሜትስ» እየተባለ ሲጠራ ከጠንሳሾቹ አንዷ ናት። በ1961 ከሞታውን ጋር ሲፈራረሙ «ሱፕሪምስ» የሚለውን ስም ከቀረበው ዝርዝር የመረጠችው እርሷ ናት። በዚያው ዓመት የወጣውን «በተርድ ፖፕኮርን» በመሪነት የዘፈነችውም እርሷው። መጠጥ አበዛች፣ ትርኢት ላይ ትቀር ጀመር ይባላል፤ እውነት ነው። ኩባንያው ከእንግዲህ አብረን አንሠራም ቢል ይገባኛል። ግን ስንብት ለወደፊት ነው እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈ ሥራን ይነካል እንዴ? በ1968 በተፈራረመችው ስምምነት ደግሞ ራሷን ስታስተዋውቅ የቡድኑን ስም እንዳትጠቅስ ተከለከለች። በ1976፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ፣ ከመንግሥት ድጎማ እስከ መኖር የደረሰ ችግር አይታ ሞተች።

«ዋናዋ ዲያና አይደለችም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ድምፅዋ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ለዚያ ዘመን ትንንሽ ሬዲዮ የተፈጠረ ነበር፤ ማን ይክዳል? ነገር ግን ዘፈኖቹን በደንብ አድምጧቸው። አንዷ ጭንቀቷን ስትናገር ሁለቱ ቡና ላይ እንደተሰበሰቡ ጎረቤቶች «ወይኔ፣ እሺ፣ ከዚያስ?» ይሏታል። ተቀባይ ከሌለ ብሶቱ ብቻውን ይቀራል። እኛም አገር የካሴት ሽፋን ላይ የተቀባዮችን ስም በማጉያ መነጽር የፈለገ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በታኅሣሥ 1969 የወጣው ሦስተኛው ስብስብ ደግሞ ይብሳል። «ላቭ ቻይልድ»ን በተቀባይነት ያጀቡት የሞታውን የስቱዲዮ ድምፃውያን፣ አንዳንቴስ ናቸው። የዲያና የስንብት ዘፈን የሆነው «ሰምዴይ ዊል ቢ ቱጌዘር» ላይም ሜሪ ዊልሰንና ሲንዲ የሉበትም፤ የዘፈኑት ማክሲንና ጁሊያ ዋተርስ ናቸው። አንድ ቀን አብረን እንሆናለን የሚለውን ዘፈን አብረው ያልዘፈኑት ቡድን! ዘፈኑን እወደዋለሁ፤ የሽፋኑን ጽሑፍ ግን አላምነውም።

ያ ስም በር የሚዘጋው ወደ ኋላ ብቻ አይደለም። ዲያና በጥር 1970 ስትወጣ ቡድኑ አልፈረሰም፤ ጂን ቴሬልን መሪ አድርጎ ቀጠለ፣ እስከ 1977ም ቆየ። በ1970 «ስቶንድ ላቭ» በአሜሪካ ሰንጠረዥ 7ኛ ደርሷል፤ ለእኔ ከአሥራ ሁለቱ የብዙዎቹ እኩያ ነው። «ዲያና ሮስ እና ዘ ሱፕሪምስ» የሚል ስብስብ ገዝታችሁ ብትፈልጉት ግን ልታጡት ትችላላችሁ። ዲያና የለችበትማ።