«ያሳጣ» የምትል አንዲት ቃል

በዚህ አምድ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንተቸው መጽሐፍ ወይም መዝሙር ነው። የዛሬው ሂስ ግን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። የጻፋት ከእናንተው አንዱ፣ ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው። እንዲህ ትላለች፦

«ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ እያለበት ተጫውቶ ኢትዮጵያን የዓለም ዋንጫ ያሳጣ አወዛጋቢ ተጫዋች ነው።»

ነገሩ የተጀመረው በወጣቶች ኅብረታችን የጽሑፍ ቡድን ውስጥ ነው። ከቂርቆስና ከካዛንቺስ የሚመጡ ጥቂት ወጣቶች ለዊኪፔዲያ መጻፍ እንለማመድ አሉ። ዊኪፔዲያ ማንም ሰው የሚጽፍበት፣ ማንም የሌላውን ጽሑፍ የሚያርምበት መዝገበ ዕውቀት መሆኑን ታውቃላችሁ። የአማርኛው ክፍል «ውክፔዲያ» ይባላል። በእንግሊዝኛው ላይ ካሉት ጽሑፎች ጋር ሲነጻጸር ገና ጥቂት ገጾች ነው ያሉት፤ ስለዚህ የሚሠራ እጅ ይፈልጋል። የሕይወት ታሪክ እንጻፍ ሲባል ኳስ ተጫዋች ተመረጠ። ኳስ ተጫዋች ሲባል ደግሞ ከሁሉ በፊት የመጣው ስም ይኸው ሆነ። ወደ ገጹ ከመውጣቱ በፊት በወረቀት ጽፈን እንድንነጋገርበት ተስማማን። ደግ አደረግን።

በመጀመሪያ የሆነውን እንመልከት። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ነበር። በዚያው ዓመት ለ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ በሚደረገው ማጣሪያ ምድቡን ይመራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን እሑድ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ። ከተማው በደስታ አበደ፤ ምድቡን በአንደኝነት ማለፋችን ያለቀ የደቀቀ መሰለን።

ደስታው ሳይበርድ ግን የፊፋ ወሬ መጣ። በማጣሪያው ሕግ መሠረት በተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች የሚቀጥለውን አንድ ጨዋታ አይጫወትም። ምንያህል ሁለት ቢጫ ነበረበት፤ በቦትስዋናው ጨዋታ ላይ ግን ተሰለፈ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ስህተት መፈጸሙን በይፋ አመነ። ፊፋም ውጤቱን ሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ፈረደ። 13 የነበረው ነጥባችን 10 ሆነ።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገራችን እንመለስ፤ ቃል በቃል እንመርምራት።

«የዓለም ዋንጫ ያሳጣ» ትላለች። ይህ ሐሰት ነው። ሦስት ነጥብ ከተቀነሰብንም በኋላ ጳጉሜ 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን። ደቡብ አፍሪካ በ11 ነጥብ ከኋላችን ቀረች። ወደ መጨረሻው ማጣሪያ አልፈን በናይጄሪያ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ህዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ወደ ብራዚል ያልሄድነው በዚህ ምክንያት ነው። ቢጫ ካርዱ ሦስት ነጥብ አስከፍሎናል፤ የዓለም ዋንጫን ግን አላሳጣንም። የቡድናችን ወጣት ይህን ሲሰማ ደነገጠ። «ሁልጊዜ እንደዚያ ሲባል ነው የሰማሁት» አለ። እውነቱን ነው፤ ሲባል ሰምቶ ነው። ኦሪት ዘጸአት 23፥1-2 ሐሰተኛ ወሬ እንዳንቀበል ሲያዝ፣ አክሎም ብዙዎችን ተከትለን ፍርድ እንዳናጣምም ያስጠነቅቃል። አንዱ የሚጀምረውን ሐሰት የሚያቆመው የብዙዎች ድጋፍ መሆኑን ሕግ ሰጪው ያውቃል።

ቀጥሎ «ተጫውቶ» የሚለው ግስ አለ። ባለቤቱ ምንያህል ብቻ ነው። አሰልጣኙ የለም፣ ካርድ መዝጋቢው የለም፣ ፌዴሬሽኑ የለም። አማርኛችን እዚህ ላይ ያመቻል፤ «ተሰለፈ» ስንል ራሱ ገብቶ ይሁን ሌላ አሰልፎት ቃሉ አይለይም። «አሰለፈው» ስንል ግን አሰላፊ ልንጠራ እንገደዳለን። አንዲት እህት በዚህ ላይ ተከራከረች፦ «ተጫዋቹስ የራሱን ካርድ አይቆጥርም ወይ?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አዎን፣ ሊቆጥር ይገባ ይሆናል። ነገር ግን የተጫዋቾችን ዝርዝር የሚያዘጋጀው፣ ለፊፋም ተጠሪ የሆነው ተቋሙ ነው። ያመነውም ተቋሙ ነው። በዚያው የማጣሪያ ዘመን ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒም መሰለፍ የማይገባውን ተጫዋች አሰልፈው ነጥብ ተቀምተዋል፤ ኬፕ ቨርድም ቱኒዚያን ካሸነፈች በኋላ በተመሳሳይ ጥፋት ከማጣሪያው ወጥታለች። እንግዲህ ይህ በብዙ አገር ቢሮዎች የደረሰ የአሠራር ጉድለት እንጂ የአንድ ሰው ጠባይ አይደለም።

ሦስተኛው «አወዛጋቢ» ነው። ይህ ቃል መረጃ ይመስላል፤ ግን ምንም አይነግረንም። ማን ተወዛገበ? በምን? የዊኪፔዲያ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ቅጽል እንዲያስወግዱና የሆነውን ብቻ ተናግረው ፍርዱን ለአንባቢ እንዲተዉ ይመከራሉ። ምክሩ ለእኛም ይጠቅማል። በጸሎት ስብሰባ ላይ ሳይቀር «ያ አስቸጋሪ ልጅ» ብለን ስንጀምር፣ ለማን እንደሚጸለይ ሳይታወቅ በማን ላይ እንደተፈረደ ታውቋል።

የመጨረሻዋ ቃል ከሁሉም የምታንስ፣ ከሁሉም የምትከብድ ናት፦ «ነው»። አንድን ቀን የሰው ማንነት ታደርጋለች። በዚያው በደቡብ አፍሪካው ጨዋታ የመጀመሪያውን ግብ ለአገሩ ያስቆጠረው በርናርድ ፓርከር ነበር። ጌታነህ ከበደ አቻ ካደረገን በኋላ ለእኛ የድል ግብ የሆነችውን በራሱ መረብ ላይ ያገባትም ይኸው ፓርከር ነው። በጆሃንስበርግ ያለ አንድ ወጣት «ፓርከር በራሱ ላይ ያገባ ተጫዋች ነው» ብሎ ቢጽፍ እውነት ጽፏል፤ ግን ግማሹን እውነት ጥሎ። ብራዚላዊው ግብ ጠባቂ ሞአሲር ባርቦሳ በ1950 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በማራካኛ ስታዲየም በኡራጓይ 2 ለ 1 በተሸነፉበት ቀን በገባበት ኳስ ምክንያት በ2000 እስኪሞት ድረስ፣ ሃምሳ ዓመት ያህል፣ በአገሩ ሰው ዘንድ በዚያች ኳስ ብቻ ታወሰ። ያን ጊዜ ዊኪፔዲያ አልነበረም፤ ሰው ለዚህ ሥራ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ ማንም የሚጽፍበት መዝገብ አደጋውን ያበዛዋል። በ2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጆን ሲገንታለር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ እንደነበር የሚል ፍጹም ሐሰት በዊኪፔዲያ የሕይወት ታሪኩ ላይ ተጻፈ። የጻፈው ሰው በኋላ ለቀልድ እንዳደረገው ተናገረ። ጽሑፉ ግን ለአራት ወር ያህል ሳይታረም ቆየ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፈው ሁሉ ጠንካራ ምንጭ እንዲኖረው፣ ምንጭ የሌለው ክስም ሳይውል ሳያድር እንዲነሣ ጥብቅ ደንብ አወጣ። ጠንካራ ጎኑም አለው፦ እያንዳንዱ ገጽ የታሪክ ማኅደር አለው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጨመረና እንዳጠፋ ይታያል። ምሳሌ 18፥17 ቀድሞ የሚናገር ሰው ጻድቅ እንደሚመስል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ግን ብቻ መሆኑን ያስተምራል። የዊኪፔዲያ የውይይት ገጽ በመልካም ቀኑ ይህን ምክር በሥራ ላይ ያውላል።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ስህተት አጋጠመን። አንድ ወንድም በርኅራኄ ተነሣስቶ «እንግዲያውስ የቢጫ ካርዱን ነገር ጨርሰን እንተወው፤ ፍቅር ይሸፍናል» አለ። ልቡን ወደድሁት፤ ሐሳቡን ግን አልተቀበልሁም። ከተፈጸመ ነገር ላይ እውነቱን መፋቅም ሐሰተኛ ምስክርነት ነው። ደግሞም ዝም ብንል ሌላው መጥቶ «ያሳጣ» ብሎ ይጽፈዋል። መጽሐፍ ቅዱሳችን የወዳጆቹን ጥፋት አይሰርዝም። 1ኛ ነገሥት 15፥5ን አንብቡ፤ ስለ ዳዊት መልካም ምስክርነት ከሰጠ በኋላ የኦርዮን ጉዳይ ለይቶ ያነሣል። አልደበቀውም፤ ግን «ዳዊት ማለት ኦርዮን ያስገደለው ነው» ብሎም አልጀመረም። መጠኑን ጠብቆ በቦታው አኖረው። የማርቆስም እንደዚሁ ነው፦ በሐዋርያት ሥራ 13 ጥሎ ይሄዳል፣ በ15 ጳውሎስና በርናባስ በእርሱ ምክንያት ይለያያሉ፣ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11 ግን ያው ጳውሎስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው መስክሮ ያስጠራዋል። በሐዋርያት ሥራ ላይ ያቆመ አንባቢ የማርቆስን ታሪክ አላነበበም። ቶማስንም «ተጠራጣሪው» እያልን ስንሰብክ፣ ከጌታ ጋር እንሂድና እንሙት ብሎ ባልንጀሮቹን ያነሣሣው እርሱ መሆኑን (ዮሐ. 11፥16) ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ታዲያ መዝገቡን ራሱን የምተቸው በዚህ ነው። ደንቡ የታተመ ምንጭ ይጠይቃል፤ የእኛ ተጫዋቾች ሕይወት ግን ብዙ አልታተመም። ስለ አንድ አውሮፓዊ ተጫዋች ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሠፈሩ፣ ስለ እያንዳንዱ ጨዋታው የተጻፈ ሞልቷል፤ ጥፋቱ ከብዙ ነገር መካከል አንዱ ሆኖ ይቀመጣል። የእኛው ሰው ግን ዓለም አቀፍ ዜና ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ነገር ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ክፋት ባይኖረውም፣ ያገኘውን ብቻ ቢጽፍ፣ የሰውየው ሕይወት ሁለት ቢጫ ካርድ ሆኖ ይቀራል። ደንቡን መጠበቅ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። መድኃኒቱ መፋቅ ሳይሆን መጨመር ነው፤ የድሮ የስፖርት ጋዜጦችን ማገላበጥ፣ የውድድር መዝገቦችን መፈለግ፣ የጎደለውን መሙላት። ወንጌላዊው ሉቃስም በመጽሐፉ መግቢያ (1፥1-4) ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትሎ እንደጻፈ ይናገራል። ይህ ድካም የአገልግሎቱ አካል ነበር።

የካዛንቺስ ልጆች ይህን ከማንም በላይ ልትረዱት ይገባል። የሠፈራችሁ ስም በጣሊያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ እዚያ ስንት ትውልድ ወልዶ አሳደገ፣ ጸለየ፣ ዕድር ጠጣ፣ ቀበረ፤ ከሩቅ ያለ ሰው ግን «ካዛንቺስ» ሲባል የሌሊት ጭፈራ ብቻ ይታየዋል። በ2017 ዓ.ም. የድሮው ሠፈር ብዙው ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ሄደ። ከእንግዲህ ልጆቻችሁ ሠፈሩን የሚያውቁት ከተጻፈው ነው። በአንድ መስመር እንዲጻፍባችሁ ትፈቅዳላችሁ?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ያን ሰኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርሁ። ወሬው ሲሰማ በዶርም ውስጥ ስለዚህ ሰው የተናገርሁትን እዚህ አልጽፈውም። አላውቀውም ነበር፤ እናት እንዳለው፣ ሰላምታ እየተሰጠው በመንገድ እንደሚሄድ አላሰብሁም። የእኔ ቃል የታሪክ ማኅደር ስለሌለው ጠፋ፤ በጌታ ፊት ግን እንዳልጠፋ አውቃለሁ። የወጣታችንን ወረቀት ሳነብብ የገዛ ድምፄን ሰማሁ።

ከሁለት ሳምንት ክርክር በኋላ ቡድኑ የተስማማበት ይህ ነው፦

«ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 ባሸነፈችበት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ብሔራዊ ቡድኑ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደውን ምንያህል ተሾመን አሰለፈ። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፤ ፊፋም ለቦትስዋና 3 ለ 0 ፈረደ። ኢትዮጵያ ሦስት ነጥብ ብታጣም ምድቧን በአንደኝነት አጠናቀቀች።»

ውበት የላትም፤ ከመጀመሪያዋም ትረዝማለች። ምንጭ ተያይዞላት በሕይወት ታሪኩ መካከል እንጂ በመጀመሪያው መስመር ላይ እንዳትቀመጥ ተወስኗል። ከእርሷ በፊትና በኋላ የሚገባው ገና አልተጻፈም፤ ወጣቶቹ እየፈለጉ ናቸው። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ይውላል። በየኅብረታችሁ እንዲህ ያለ ቡድን ብትጀምሩ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ስለምትጽፉለት ሰው ጸልዩ። ስሙን ጠርታችሁ ከጸለያችሁ በኋላ «ያሳጣ» ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚከብድ ታዩታላችሁ።