መጀመሪያ የጎረቤት ልጆችን ጥሪ

ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ማስተማር በቅርቡ የጀመረች መምህርት «ቲቸር፣ መጀመሪያ ምን ላስተምረው? ዓይን ማየት ነው ወይስ ሰላምታ?» አለችኝ። «ሁለቱንም ተዪውና የጎረቤት ልጆችን ጥሪ» ስላት ቀልድ መሰላት።

ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «እየኝ! ሰላም በል!» እያሉ ማለማመድ ፈጽሞ አይዋጥልኝም። ለእኔ የመለሰውን ሰላምታ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለእኩዮቹ ላይመልስ ይችላል። የሥዕል ካርድ አልጠላም፤ ውሃ ለመጠየቅ ግሩም ነው። ጨዋታ ግን ከአዋቂ አይለመድም። ተመራማሪዋ ኮኒ ካሳሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት የ60 ልጆች ጥናትም ልጁን ለብቻው ከማሠልጠን የክፍል ጓደኞቹን ማሠልጠን በልጦ ተገኝቷል።

ከጨዋታዎች የእኔ ምርጫ ሰኞ ማክሰኞ ነው። ተራው መሬት ላይ ተሥሏል፤ ማውራትም ዓይን ለዓይን መተያየትም አይጠይቅም፤ ዛሬም ነገም ያው ነው። አኩኩሉም ጥሪና መልሱ ስለማይለዋወጥ ጥቂት ቃል ላለው ልጅ ይመቻል፤ ተደብቆ መጠበቁ ነው የሚከብደው። ኳስ ግን ይቅርብኝ! ጩኸቱና ግፊያው ሳያንስ ሕጉ በየደቂቃው ይቀየራል።

ለጎረቤት ልጆች የምነግራቸው ትንሽ ነው፦ ከፊቱ ኑ፣ በስሙ ጥሩት፣ አጭር ነገር ብላችሁ ጠብቁ፣ እጁን አትጎትቱ። የሚከብዳቸው መጠበቁ ነው፤ ለእናቶችማ ይብሳል፤ ልጁ አፉን ሳይከፍት መልሱን ይነጥቁታል። ላፍቶ ውስጥ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ግን ማንም ሳይነግራት ኦቲዝም ላለበት ጎረቤቷ ጠመኔዋን ሰጠችውና ዝም ብላ ቆመች። የሰኞ ማክሰኞውን ሣጥን እሱ ሣለው፤ ከዚያ «አንቺ» አላት። እናቱ ያን ቃል ለሰው ሲለው ሰምታ አታውቅም ነበር።

ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ሲሏት እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ብዙ ቤተሰብ የሸሸገውን ልጅ ወደ አደባባይ ያወጣው የእሷ ድፍረት ነው። የማዕከል አጥር ውስጥ ብቻ የሚያድግ ልጅ ግን የሰፈሩን ልጆች መቼ ያውቃቸዋል?

መጠበቁ ለእኔም ይከብደኝ ነበር፤ ወሬ የማልጠግብ ሰው ነበርኩ። ይህ ሥራ ዝምታን አስለምዶኛል፤ አሁን ለቅሶ ቤት እንኳ የምለው ቢጠፋኝ አልጨነቅም፣ ቁጭ እላለሁ።

ወላጆች፣ ቅዳሜ ጠዋት ጠመኔ ይዛችሁ ከልጃችሁ ጋር ውረዱ። አንድ የጎረቤት ልጅ ይበቃል፤ አሥር አትጥሩ። እናንተ ግን ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ።