የቺካጎው የመኖሪያ ቤት ሙከራ፦ ምን ተለካ? ምንስ ሳይለካ ቀረ?

የልብ ድካም ያለበት ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ይታዘዝለታል። ቤት ላለው ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ ነው። ውሎውና አዳሩ ጎዳና ላይ ለሆነ ሰው ግን ክኒኑን መዋጥ ማለት ቀኑን ሙሉ መጸዳጃ ፍለጋ መንከራተት፣ ሲብስም በአደባባይ መዋረድ ነው። ስለዚህ ክኒኑን ቢተወው አያስገርምም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲመለስ ካርዱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ ይጻፍበታል። ኢንሱሊኑን ከሙቀትም ከሌባም የሚጠብቅበት ስፍራ የሌለው የስኳር ሕመምተኛ የሚጠብቀው ዕጣም ከዚህ የተለየ አይደለም።

መኖሪያ ቤት ራሱ እንደ ሕክምና ሊቆጠር ይችላል የሚለውን ሐሳብ በጥንቃቄ ከፈተኑት ጥናቶች መካከል በሰፊው የሚጠቀሰው በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የተካሄደው ነው። ሎራ ሳዶውስኪና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል ታትሟል። ከመስከረም 2003 እስከ ግንቦት 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ በሁለት ሆስፒታሎች ተኝተው ይታከሙ ከነበሩ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸውና መጠለያ ከሌላቸው ሰዎች መካከል 407 ጎልማሶች በዕጣ በሁለት ቡድን ተደለደሉ። የአንደኛው ቡድን አባላት ከሆስፒታል እንደወጡ ጊዜያዊ ማረፊያ፣ ቀጥሎም ዘላቂ መኖሪያ ቤት እንዲሁም ጉዳያቸውን በቅርብ የሚከታተል ሠራተኛ ቀረበላቸው። የሁለተኛው ቡድን አባላት ያገኙት የሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ በተለመደው መንገድ የሚያዘጋጅላቸውን የመውጫ ዕቅድ ብቻ ነበር። ክትትሉ ለ18 ወራት ቆየ። ቤት የቀረበለት ሰው ገባበትም አልገባበትም፣ የተቆጠረው በተደለደለበት ቡድን ነው፤ ይህም የጥናቱን ሐቀኝነት ያጠናክራል።

ከዚህ ጥናት ተነጥቆ በየስብሰባው የሚነገረው አንድ ቁጥር ነው፦ 29 በመቶ። ቤት የቀረበላቸው ሰዎች በሆስፒታል የመተኛት ጊዜያቸው በ29 በመቶ፣ የድንገተኛ ክፍል ጉብኝታቸው ደግሞ በ24 በመቶ ቀንሷል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ይህ ውጤት የተገኘው በጥናቱ መነሻ ላይ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የታዩ ልዩነቶች በስሌት ከተስተካከሉ በኋላ ነው። ከማስተካከያው በፊት የተገኘው ውጤት ለአንድ ሰው በዓመት የሆስፒታል ቆይታ በ2.7 ቀናት፣ የድንገተኛ ክፍል ጉብኝት ደግሞ በ1.2 መቀነሱን ያሳያል፤ የሁለቱም የመተማመኛ ወሰን ግን ዜሮን ያካትታል። በሌላ አነጋገር፣ ያልተስተካከለው ቁጥር ብቻውን ቢቀርብ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን አይችልም ለማለት አያስደፍርም ነበር።

ተመራማሪዎቹ ይህን አልደበቁም፤ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። ማስተካከያውም ቢሆን ተገቢ ዘዴ ነው። የሆስፒታል አጠቃቀም ቆጠራ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው፤ ጥቂት ሰዎች ደጋግመው እየተኙ የቡድኑን አማካይ ይጎትቱታል። እንዲህ ባለ መረጃ ላይ የመነሻውን ሁኔታ ሳያገናዝቡ ማነጻጸር ውጤቱን ያደበዝዘዋል። ወቀሳው የሚገባው ለጥናቱ ሳይሆን 29ኙን ይዞ የመተማመኛ ወሰኑን ለጣለ አንባቢ ነው። ወሰኑ ከ10 በመቶ ያልበለጠ ቅናሽም ሊሆን እንደሚችል፣ 44 በመቶ ድረስም ሊሄድ እንደሚችል ይናገራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። ለሕመምተኞቹ የቀረበው ቤት ብቻ አልነበረም። ቀጠሮ የሚያስታውስ፣ ወረቀት የሚያስጨርስ፣ ሲታመሙም ሲጠፉም የሚፈልጋቸው ሠራተኛ አብሮ ነበረ። ለውጡን ያመጣው ጣሪያው ነው ወይስ ሠራተኛው? የጥናቱ አወቃቀር ይህን ለመለየት አያስችልም። ሁለቱን መነጣጠል ባይቻልም ጥናቱ ስለ ጥቅሉ የሚናገረው ዋጋ አያጣም፤ ነገር ግን «ቤት ይፈውሳል» ብሎ ያለ ሠራተኛው ቁልፍ ብቻ ለማስረከብ ላሰበ አስተዳደር ይህ ጥናት ማስረጃ ሊሆነው አይችልም።

ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ነው። የጥናቱ ዋና መለኪያዎች የሆስፒታል መተኛት፣ የመኝታ ቀንና የድንገተኛ ክፍል ጉብኝት ነበሩ። እነዚህ የሚናገሩት ስለ ሆስፒታሉ ሸክም ነው። ሕመምተኛው ምን ያህል ተሻለው ለሚለው ጥያቄ በቀጥታ አይመልሱም። ለዓመታት ሳይመረመር የቆየ ዕጢ ያለበት ሰው ቤት ካገኘና ቀጠሮ ማክበር ከጀመረ በኋላ ቢተኛና ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት፣ በዚህ መለኪያ ውድቀት ሆኖ ይቆጠራል። መተኛት ሲገባው ሳይተኛ በየድልድዩ ሥር የቀረውም እንደ ስኬት ሊቆጠር ነው።

መለኪያው ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበር የሚያሳየው ከዚያው ከቺካጎ የወጣው ሁለተኛ ጽሑፍ ነው። ዴቪድ ቡካናንና ባልደረቦቻቸው፣ ከዚሁ ጥናት ተሳታፊዎች መካከል ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ 105 ሰዎችን ለይተው ከአንድ ዓመት በኋላ ያሉበትን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ጥያቄያቸው አልጋ ቆጠራ አልነበረም፦ ሰውዬው በሕይወት አለ ወይ? የመከላከል አቅሙስ አልተዳከመም ወይ? ቤት ከቀረበላቸው 55 በመቶው፣ ካልቀረበላቸው ደግሞ 34 በመቶው በሕይወትና የመከላከል አቅማቸው ሳይዳከም ተገኙ። በቁጥር አነስተኛ ቢሆንም፣ ለሐኪም የሚናገረው ከመጀመሪያው ይበልጣል። በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ለደም ግፊቱ፣ ለስኳሩና ለአስሙ ተመሳሳይ ጥያቄ በዋና መለኪያነት አለመነሳቱ ያስቆጫል።

የወጪ ክርክሩም ቢሆን የተባለለትን ያህል አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የዚሁ ጥናት የወጪ ትንተና ለአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 6,307 ዶላር መዳኑን ቢያሰላም፣ ልዩነቱ በስታትስቲክስ ረገድ እርግጠኛ የሚባል አልነበረም። በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ ካውንቲ 423 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የዕጣ ሙከራ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ቤት ከቀረበላቸው 86 በመቶው ቤት ገቡ፤ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል መምጣታቸው ቀነሰ፣ በቀጠሮ የሚሰጠውን የአእምሮ ሕክምና መጠቀማቸውም ጨመረ። በአጠቃላይ የድንገተኛ ክፍል ጉብኝትና በሆስፒታል መተኛት ግን ልዩነት አልታየም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ግምገማም፣ ኤች አይ ቪ ካለባቸው ሰዎች በስተቀር፣ ዘላቂ ቤትና ድጋፍ ጤናን ለማሻሻሉ በቂ ማስረጃ አልተገኘም ተብሏል። ይህን አንብቦ «ቤት አይጠቅምም» የሚል ቢኖር ማስረጃ ማጣትን የጥቅም ማጣት አድርጎ አይቶታል ማለት ነው፤ ገምጋሚዎቹ ራሳቸው የጠየቁት የትኞቹ ሕመሞች ያለ ቤት ሊታከሙ እንደማይችሉ ተለይተው እንዲጠኑ ነው።

የቺካጎው ቁጥር ወደ አገራችን ሲመጣ አንድ ነገር መታየት አለበት። በዚያ ጥናት ለመግባት አስቀድሞ ሆስፒታል ተኝቶ መገኘት ያስፈልግ ነበር፤ የዳነው የመኝታ ቀን የተቀነሰውም አስቀድሞ ከነበረ አጠቃቀም ላይ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በሚኖሩ 217 ጎልማሶች ላይ አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ 41 በመቶው የሳይኮሲስ ሕመም ተገኝቶባቸዋል፤ ያልተሟሉላቸው ፍላጎቶችም ብዙ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ከሆስፒታል ደጅ ሳይደርስ የሚቀር ከሆነ የሚቀነስለት የመኝታ ቀን የለውም። በቺካጎው ሚዛን ቢመዘን ለጤና ሥርዓቱ ምንም ያላስወጣ፣ ስለዚህም ቤት ቢሰጠው ምንም የማያድን ሰው ሆኖ ይወጣል። እዚህ አገር ተመሳሳይ ሙከራ የሚያስብ ተመራማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሆስፒታል አጠቃቀም እንደሚጨምር መጠበቅ፣ የሚቆጥረውንም ከቡካናን ጽሑፍ መዋስ ይኖርበታል፦ በሕይወት ያለ ስንት ነው? የደም ግፊቱ የተስተካከለለትስ? መድኃኒቱ በእጁ የተገኘስ?