ዓሣ ዘነበባት የተባለች ከተማ፦ ድሬዳዋና የጥቃቅን ዓሦች ተረክ

ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ አንዳንዴም ሸረሪት ከሰማይ ዘነበባቸው የተባሉ ቦታዎችን ቀንና ከተማ እያጣመሩ የሚመዘግቡ ዝርዝሮች በዓለም ላይ አሉ። ሲንጋፖር በ1861 እ.ኤ.አ.፣ የአውስትራሊያዋ ላጃማኑ በ2010፣ የአሜሪካዋ ቴክሳርካና በ2021 ተጠቅሰዋል። ድሬዳዋም በመካከላቸው ሰፍራለች፤ ቀኑም ጃንዋሪ 20 ቀን 2016 ተብሏል። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ጥር 11 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ዕለት። ዝርዝሩን ላጠናቀረው ሰው ይህ ምንም ላይነግረው ይችላል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ታሪኩን ከአየር ጠባይ ወሬነት አውጥቶ ወደ ሥነ ቃል ጓዳ ያስገባዋል።

ዓመቱም ተራ ዓመት አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤል ኒኞ ሳቢያ ዝናቡ ቀርቶ፣ በአፋርና ድሬዳዋን በሰሜን በሚያዋስነው የሲቲ ዞን የአርብቶ አደሩ ከብት አልቆ ነበር። ድርቅ፣ ጥምቀት፣ ከሰማይ የወረደ ዓሣ፦ ለተአምር ተረክ ከዚህ የተሟላ ግብዓት ከየት ይመጣል? በሆንዱራስ፣ ዮሮ በምትባል ከተማ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ላይ የሚገኙት ትናንሽ ዓሦች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረ ሱቢራና ከሚባል ስፔናዊ ቄስ ጸሎት ጋር ተሳስረዋል፤ ለተራቡት ምግብ እንዲወርድ ለመነ፣ ወረደም ይላሉ። ከተማዋ ለዚሁ በየዓመቱ በዓል ታከብራለች። የድሬዳዋው ዓሣ ግን በዓልም ገድልም አላገኘም። በባዕድ ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ቀረ።

ለምን ቀረ? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የጎደለው ዓሣውን የሚቀበል ሥነ ቃል ነው የሚል ነው። ያ ሥነ ቃል የሚበቅለው ደግሞ ጥቃቅን ዓሦችን ከወንዝ በእጃቸው በሚይዙ ሰዎች መካከል ነው፤ በባቡር ሐዲድና በጉምሩክ ዙሪያ በተቆረቆረ ከተማ ውስጥ አይደለም። ዓሣውን የማያውቅ ሰው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል።

ሰማዩን «በሳይንስ» የሚያብራራው ወገንም ቢሆን ከተአምረኛው ብዙ አይርቅም። የተለመደው ማብራሪያ፣ ውሃ ላይ የተነሳ አውሎ ነፋስ ዓሦቹን መጥጦ ወስዶ ሩቅ ቦታ ያራግፋቸዋል የሚል ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው አውሎ ነፋስ ውሃውን እንደ ቧንቧ አይመጥም፤ የምናየው ዓምድ በአብዛኛው ጤዛ የቋጠረ አየር ነው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ግምቱ ይበልጥ ይዳከማል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጅቡቲ ባሕር ደግሞ በባቡሩ መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቅርብ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ደርቆ የከብት መሰማሪያ ሆኖ ነበር። ጥር ደግሞ የበጋው ልብ ነው። ተአምሩን «ኋላ ቀር» ብሎ አውሎ ነፋሱን «ሳይንሳዊ» የሚል ጋዜጠኛ፣ በእኔ እይታ፣ አንዱን እምነት በሌላ እምነት ለወጠ እንጂ ምንም አላብራራም።

ዓሣውን ራሱን ያዩት የተሻለ መልስ አግኝተዋል። በ1861 ሲንጋፖር የነበረው ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ካስቴልኖ ከዝናቡ በኋላ የተገኙት ዓሦች የአምባዛ ዘመድ መሆናቸውን አስተዋለ። አምባዛ አየር ይተነፍሳል፣ በእርጥብ መሬት ላይም እየተሳበ ከኩሬ ኩሬ ይሻገራል። የላጃማኑዋ ትንሽ ዓሣ በጎርፍ ጊዜ በመኪና ጎማ ፈር ውስጥ ሳይቀር እየዋኘች እንደምትጓዝ ይታወቃል። የቴክሳርካናዎቹ ዓሦች ደግሞ ደንግጠው በተበተኑ ዓሣ በል ወፎች ሳይተፉ አልቀሩም ተብሏል። ሦስቱም መልሶች የተገኙት የዓሣው ዓይነት ስለታወቀ ነው። የድሬዳዋው መዝገብ ዓይነቱን አይናገርም፤ ችግሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ከሐይቅ የተወሰደ ቆሮሶ ቢሆን ወፍ ወይም ነጋዴ ይጠረጠራል፣ የባሕር ዓሣ ቢሆን ከጅቡቲ የመጣ የጭነት መኪና፣ የወንዝ ዓሣ ቢሆን ደግሞ ከደንገጎ ተራራ የሚወርደው ውሃ። ለጥር ወር የወፉ ግምት የተሻለ ይመስለኛል፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች በስምጥ ሸለቆ የሚበዙት ያን ጊዜ ነውና።

በድሬዳዋ ወንዝ ማለት አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ማለት ነው። ደቻቱ ከደጋው ወርዶ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላል፤ በበጋ ሰው ይሄድበታል፣ ይነግድበታል፣ አሸዋ ይጫንበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ደራሽ ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የዚህ ውሃ ዕጣ ወደ ሰሜኑ ሜዳ ወጥቶ በአሸዋ ውስጥ መስረግ ነው፤ ከተማዋም የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው። እንዲህ ባለ አገር ዓሣ አይኖርም ማለት ይቀላል። ግን ከዚህም የከፋ ቦታ ዓሣ አለ፦ በአፋር፣ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው፣ ጨዋማና ፍል ውሃ በሚመግበው የአፍዴራ ሐይቅ ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ትናንሽ ዓሦች ይኖራሉ። አንዱ በ1931 እ.ኤ.አ. ነው ቪንቺጉዌራ በተባለ ተመራማሪ የተሰየመው፤ ሌላው በኢትዮጵያዊው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁንና ባልደረባቸው የተገለጸው ገና በ2001 ነው።

በአዋሽ ተፋሰስ ድንጋያማ ወንዞች የሚገኙት ትናንሽ ዓሦች ደግሞ በሳይንስ ስማቸው ጋራ የሚባሉት ናቸው። አብዛኞቹ ከጣት እስከ መዳፍ የሚሆኑ፣ ጭቃ መልክ ያላቸው፣ ለገበያ የማይበቁ ዓሦች ናቸው። አፋቸው ከሥር ነው፤ ከታችኛው ከንፈር ጀርባ ያለችው ክብ ሥጋ እንደ መምጠጫ ድንጋይ ላይ ትጣበቃለች። ጎርፉ ግንድ ሲያንከባልል እነሱ ድንጋያቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ውሃው ሲያንስ በቀረችው ጉድባ ይጠራቀማሉ። (ቱርክ ውስጥ በፍል ውሃ መታጠቢያ ቤት የሰውን እግር የሚለቅሙት የእነዚህ የአክስት ልጆች ናቸው።) ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጣና ዙሪያ አንዱን ወስዶ በደምቢያ ስም ሰይሞታል።

ይህን ዓሣ በደጋው የሚያውቀው እረኛ ነው። መረብም ታንኳም የለውም። መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ ሁለት እጁን ከድንጋዩ ግራና ቀኝ ይሰዳል፤ ጣቶቹ እስኪገናኙ ቀስ ይላል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ ጉንጩን ይወጋዋል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት ዛሬ ነገር ለሚቆፍር ፖለቲከኛ ማስጠንቀቂያ ሆኗል፤ ተንታኞችም በዚያው ትርጉም ይመዘግቡታል። እኔ ግን መጀመሪያ የሙያ መዝገብ አድርጌ አነበዋለሁ። የሐይቅ ሰው ተረት አይደለም። ወንዝ ዳር ጉድጓድ ውስጥ እጁን የሚሰድ፣ ከውስጥ ለስላሳና ረጅም ነገር ሲነካ ደሙ የሚቀዘቅዝ ሰው ተረት ነው። የጥቃቅን ዓሦች አያያዝ በቋንቋችን ውስጥ ከተዋቸው አሻራዎች ሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ ይኸው ነው።

ሌላው መንገድ ብርብራ ነው። የዛፉ ፍሬ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ዱቄቱ ውሃው በተኛበት ላይ ይበተናል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ሆዱን ይገለብጣል። በፍሬው ውስጥ ያሉት ሮቴኖን የተባለው መርዝና መሰሎቹ ሴሎች ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግዱ ነው። የአገር በቀል ዕውቀት አወዳሾች ብርብራን ጥበብ፣ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ጥፋት ይሉታል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የሚቆጥሩት ትልቁን ዓሣ ነው። ወደ ጣና ገባር ወንዞች ለመራባት የሚወጣው ነጭ ዓሣ በብርብራ ሲያልቅ ተጠንቷል፣ ተጽፏል። አብሮ የሚገለበጠውን ጣት የሚያህል ዓሣ ግን የሚለቅመው ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ ጥናት አይጽፍም።

ወደ ድሬዳዋ ልመለስ። በከተማዋ ምዕራብ፣ መልካ ጀብዱ ላይ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል፤ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና እዚያው ሥራ ጀምሯል። ለዓሣ ተረክ ይህ ቦታ ምኑ ነው? ዓሣ ዘነበ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሰው በጠረገው ቦታ ነው፦ ጣሪያ፣ አስፋልት፣ ግቢ። ቁጥቋጦ ላይ የወደቀውን ጉንዳንና ቀበሮ ይጨርሱታል፣ ወሬ አይሆንም። ሰፊ አስፋልት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጎርፍ ቦይና ሌሊት በፈረቃ የሚንቀሳቀስ ሰው ያለበት ፓርክ ቀጣዩ ዓሣ ቢወድቅ የሚታይበት ቦታ ነው። ቦዮቹ ወደዚያው አሸዋማ ሜዳ ስለሚወጡም፣ በውስጣቸው ምን እንደሚኖርና ምን እንደሚሞት ማወቅ ከተረቱ አልፎ ከተማዋ የምትጠጣውን ውሃ ይመለከታል።

ስለዚህ በፓርኩ ለምትሠሩ ጥበቃዎች፣ የጽዳት ሠራተኞችና የፈረቃ ሠራተኞች፦ ዓሣ መሬት ላይ ብታገኙ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትለፉ። አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት፤ አልኮል ከጠፋ ጠንካራ አረቄም ለጊዜው ያቆየዋል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተገኘበትን ቦታና ዝናብ መኖር አለመኖሩን በወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ አብራችሁ ክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ከዚያ ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም አራት ኪሎ ለሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አድርሱት።