540 ወይስ 354

ሦስት ሞተሮች ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። አንደኛው ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው። ሁለተኛው በሸራ ተሸፍኗል። ሦስተኛው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ስፋት ያለው፣ ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው ወዲያና ወዲህ የተዘረጉ ግዙፍ ብረት ነው። የሎሪው ባለቤት ሐጂ ዓይናቸውን ከሦስተኛው ላይ መንቀል አቃታቸው። እኔም አቃተኝ።

ቦታው ገዳሪፍ ነው፤ የሱዳን ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ። የጋራዡ ባለቤት ጎንደሬ ናቸው፤ በደርግ ዘመን በመተማ በኩል ተሻግረው እዚያው የቀሩ። ሱዳኖቹ «ኡስታ» ይሏቸዋል፤ እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን። እኔን ሲያናግሩኝ ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን ይላሉ። ወደ ሱዳናዊው ረዳታቸው ሲዞሩ ያው ዕቃ በእንግሊዝኛ ስሙ ዐረብኛ ለብሶ ይወጣል። ጣልያን ለእኛ፣ እንግሊዝ ለእነሱ ጥሎት የሄደውን የጋራዥ ቋንቋ በአንድ አፍ ሲሰሙት ደስ ይላል።

ሎሪው ቤድፎርድ ቲጄ ነው። ሱዳንን የሚያውቅ ሰው ይህን አፍንጫ አይረሳውም፤ ቦኔቱ ክብ፣ መብራቶቹ የተራራቁ፣ ከኋላው ከአገሩ አንጥረኞች እጅ የወጣ ከፍ ያለ የጭነት ሣጥን። ፊቱን ያየ ሰው እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹን የአሜሪካ ፒክአፕ ቢያስታውስ አልተሳሳተም። ጄኔራል ሞተርስ የእንግሊዙን ቮክስሆልን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ቀጥሎ እንግሊዝ ውስጥ የሼቭሮሌት የጭነት መኪና ይገጣጠም ነበር፤ በ1931 ከዚያ ሥራ ቤድፎርድ የሚባለው ስም ተወለደ፤ የመጀመሪያው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩም ዘሩ ከሼቭሮሌት ነው። ቲጄ በ1958 ሲወጣ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ነው። ስለዚህ አሜሪካኖች በ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል ውስጥ 454 ኩብ ኢንች ሞተር ከትተው አስፋልት ሲያቃጥሉ፣ የሰሊጥ ጆንያ ተሸክሞ በዋልካ የሚንገታገተው ሎሪ ሥጋ ዘመዳቸው ነበር።

ይህን ያነሳሁት ሐጂ የጠየቁት ጥያቄ የአሜሪካኖቹ ጥያቄ ስለነበረ ነው። አሮጌ የተወደደ መኪና አለህ፤ ሞተሩ ሞቷል፤ ምን ትከትበታለህ? የሚገባውን ትልቁን?

የተሰነጠቀው ሞተር የሎሪው የራሱ ነው፤ የቤድፎርድ 330 ዲዝል፣ 5.4 ሊትር። እሱን ጋሼ በእግራቸው ገፋ አድርገው አለፉት። በሸራ የተሸፈነው ፐርኪንስ 6.354 ነው። ፐርኪንስ ለሞተሮቹ ስም ሲያወጣ አያወሳስብም፤ የመጀመሪያው ቁጥር ሲሊንደሩን፣ ሁለተኛው ኩብ ኢንቹን ይናገራል፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 354 ኩብ ኢንች፣ 5.8 ሊትር። ሰፊው ደግሞ ከተሰባበረ የማሲ ፈርጉሰን ኮምባይነር የወረደ ፐርኪንስ ቪ8.540 ነው። ስምንት ሲሊንደር፣ 8.8 ሊትር። በኩብ ኢንች ከሼቬሉ 454 ይበልጣል። ሐጂ አንድ ጊዜ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና «ኡስታ፣ ይህን» አሉ።

ጋሼ እምቢ አላሉም። ባትሪ አስመጡ፤ የናፍጣ ጄሪካን ከፍ አድርገው ሰቀሉ፤ ቪ8ቱን እዚያው መሬት ላይ እንዳለ አስነሡት። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ከዚያ ተስተካከለ። ድምፁን ልገልጸው አልችልም፤ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ደቂቃ ያህል አዳመጡ፤ ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ከዚያ አጠፉት። «ደህና ሞተር ነው። ለሎሪው ግን አይደለም።»

ምክንያታቸውን ሲዘረዝሩ ብዙ አልተናገሩም፤ ይልቅ ለኩ። በገመድ የሻሲውን ሁለት ብረቶች ርቀት ወሰዱና ገመዱን ወስደው ቪ8ቱ ላይ ዘረጉት። ይገባል፤ ግን የመሪው ማርሽ ያለበት በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይቀርም። ቀጥሎ ካምቢዮውን አሳዩን። ለ330ው የተሠራ ካምቢዮ ነው፤ ስምንት ሲሊንደር በአንደኛ ማርሽ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ሲጠመዝዘው ጥርሱ ይረግፋል። ካምቢዮ ይቀየር ቢባል ትራስሚሲዮኑና ዲፈረንሻሉ ይከተላሉ፤ የመኪናው አጥንት ሁሉ ይቀየራል። የመጨረሻው የክብደት ነገር ነው። በክረምት ከገዳሪፍ እስከ ጠረፉ ያለው ጥቁር ዋልካ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ነው። ከባድ አፍንጫ ያለው ሎሪ የፊት ጎማው መጀመሪያ ይሰምጣል፤ የኋላው የቱንም ያህል ቢገፋ ወደ ታች ነው የሚገፋው። አሜሪካ ውስጥም ትልቁን ሞተር በመካከለኛ መኪና የከተቱ ሰዎች ያዩት ይህንኑ ነው፤ ቀጥ ባለ መንገድ ይወረወራል፣ መታጠፊያ ላይ አፍንጫው አልታዘዝ ይላል።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ትልቁን መተዋቸው ሳይሆን 354ን የመረጡበት ዓይን ነው። የፐርኪንሱ ቀዳዳ 98.4 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ 127 ሚሊ ነው፤ ፒስተኑ ከስፋቱ ይልቅ ርዝመት ይጓዛል። የ454ቱ ተቃራኒ ነው፤ ቀዳዳው 108፣ ምቱ 101.6። ያኛው ትንፋሹ ሰፊ፣ እርምጃው አጭር ነው፤ እውነተኛ ጉልበቱን ለማግኘት በፍጥነት መሽከርከር አለበት። ይህኛው 1,500 ዙር አካባቢ፣ ገና እያጉረመረመ ሳለ፣ የቻለውን ያህል ይጎትታል። ከረግረግ የሚወጣ ሎሪ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ጎማውን ሳያስፈነጥር ቀስ ብሎ ማዞር።

ከዚህ የሚበልጥ ደግሞ አለ። ፐርኪንስ 4.236 የሚባለው የማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ሞተር ቀዳዳውም ምቱም ከ6.354 ጋር አንድ ነው፤ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ይጎድለዋል። ገዳሪፍ የትራክተር አገር ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለሠራዊታቸው ማሽላ ፈልገው ሜዳውን በመኪና ማሳረስ ከጀመሩ ወዲህ ከተማዋ የምትተነፍሰው በትራክተር ነው። «እዚህ ያለ ቶርኒተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወጣው የሲሊንደር ልክ ይህ ነው» አሉኝ ጋሼ። ሞተር ሲመርጡ ብረቱን ብቻ ሳይሆን ብረቱ ሲያረጅ የሚጠግነውንም እጅ አብረው እየመረጡ ነበር። ይህን የሚያስብ መካኒክ ብዙ አላየሁም።

«ወደ ጎንደር ለሚያወጣው የጭልጋ ዳገት ቢሆን ግን አልመርጠውም» ብለው ጨመሩ። እውነታቸውን ነው። ገዳሪፍ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎንደር ከ2,100 በላይ። አየሩ ሲሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ሊማሊሞን የወጡት የኛ ሹፌሮች ኤንትሬን፣ ያንን ፊያት 682 ኤን3፣ የወደዱት በከንቱ አይደለም። ለተራራ ሌላ ሞተር፣ ለሜዳ ሌላ።

ሐጂ ተረቱ። ፊታቸው ግን እስከ ማታ አልተፈታም።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሥራ ነው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው። የፐርኪንሱ ጀርባና የቤድፎርዱ ካምፓና፣ ማለትም የፍሪሲዮኑ ቤት፣ ቡሎናቸው አይገጥምም፤ በመካከላቸው የሚገባ ብረት መሠራት አለበት። ጋሼ ከተጣለ ማረሻ 16 ሚሊ ውፍረት ያለው ሰሌዳ ቆረጡ። ወፍራም ወረቀት ሞተሩ ጀርባ ላይ ለጥፈው በትንሽ መዶሻ ክብ ራስ ጠርዝ ጠርዙን ሲያንኳኩ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ በወረቀቱ ላይ ራሱን ቆርጦ ወጣ። በካምፓናውም እንዲሁ። ሁለቱ ወረቀቶች ተደራርበው ሰሌዳው ላይ ተጣበቁ፤ ማዕከሎቹ በሹል ብረት ተወጉ። መሃሉን ቶርኒተሩ ከፈተው። ጠርዙን ጋሼ ራሳቸው በሞረድ ጨረሱት። ማንም የማያየው፣ በጭቃና በዘይት የሚሸፈን ጠርዝ ነው። ጣቴን ሳስኬድበት ግን አንድም ቦታ አልያዘኝም።

ቡሎኖቹ ሲጠብቁ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። «ቡሎን ያጠብቃል እንጂ አያስተካክልም» አሉ። የክራንክሻፍቱ መሃልና የካምቢዮው ዘንግ መሃል አንድ መስመር ላይ ካልዋሉ ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታው በጥቂት ወራት ይበላል። መስመሩን የሚይዙት ስፒናዎቹ፣ ሁለቱን ብረት የሚያስማሙት ቀጫጭን ዘንጎች፣ ናቸው፤ የስፒና ቀዳዳ ደግሞ አንዴ ከተበሳ አይመለስም። ስለዚህ ሰዓት የሚመስለውን መለኪያ ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ባለው ቮላኖ ላይ አሠሩ፤ እግሩን የካምፓናው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ አሳረፉ፤ ረዳቱ ሞተሩን በእጁ ቀስ እያለ አዞረ። መርፌው 40 መቶኛ ሚሊ ተንቀሳቀሰ። ሰዓቱን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል፤ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ጋሼ መለኪያውን ፈተው በጨርቅ ጠቀለሉ። «ነገ ጎህ ሲቀድ።»

ስንፍና መስሎኝ ነበር። ማታ ወረቀት አውጥቼ ሳሰላው ገባኝ። 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ብረት ፀሐይ ላይ ሆኖ ጥላ ላይ ካለው በ30 ዲግሪ በልጦ ቢሞቅ፣ ወደ 14 መቶኛ ሚሊ ይለጠጣል። በዚያ ሰዓት የሚለካው የፀሐዩን ሥራ እንጂ የእጅን አይደለም። ንጋት ላይ ሞተሩም፣ ሰሌዳውም፣ ካምፓናውም እኩል ቀዝቅዘው ያድራሉ። ይህን ከመጽሐፍ አገኙት ወይስ ከተበላ ኩሽኔታ ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

በማግሥቱ በመዳብ መዶሻ ሰሌዳውን ነካ እያደረጉ አራት ጊዜ አስዞሩ። 31፣ 19፣ 12፣ በመጨረሻ 7። ያኔ ብቻ ስፒናው ተበሳ። አገር ሁሉ ገና ሻይ እየጠጣ ነበር።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። የዘይት ኮፓው ባሌስትራው ሲታጠፍ የፊት አክሱን ይነካ ስለነበር ተቆርጦ እንደገና ተበየደ፤ ነጭ ጋዝ ተሞልቶ አደረ፤ ጠዋት ታችው ደረቅ ነበር። የፐርኪንሱ የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በዘይት ሳይሆን ራሱ በሚያሳልፈው ናፍጣ ነው፤ ውሃና አቧራ የገባበት የበርሜል ናፍጣ ይገድለዋል፤ ስለዚህ ከማጣሪያው በፊት ውሃ የሚያስቀር ሌላ ብርጭቆ ተጨመረ። ሞተሩ ሲቀመጥ ጋሼ ቱንቢ አወረዱ። የሞተሩ ዘንግና የዲፈረንሻሉ ዘንግ ተዳፋታቸው እኩል መሆን አለበት፤ እኩል ከሆኑ አንደኛው ክሮቸራ (የትራስሚሲዮኑ መጋጠሚያ) ያዛባውን ዙር ሁለተኛው ይመልሰዋል፤ ካልሆኑ መኪናው ዕድሜ ልኩን ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ከሞተሩ ማሰሪያ ሥር ሁለት ቀጫጭን ስፔሶር ገባ። ሁለት ቅጠል ላሜራ፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

ቅዳሜ ዕለት ሰሊጥ ተጭኖ ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ወጣን። ሐጂ ከሹፌሩ ጎን፣ ጋሼና እኔ ጆንያው ላይ። ሹፌሩ በሦስተኛ ማርሽ ዙሩ እስኪወርድ ጠበቀና ነዳጅ ሰጠ፤ ሎሪው ሳይንገራገጭ፣ ካምቢዮው ሳያጉረመርም፣ ጭነቱን ይዞ ቀጠለ። ሐጂ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ላይ አዩን። ምንም አላሉም፤ እጃቸውን ብቻ ደረታቸው ላይ አደረጉ።

አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ጋሼ ጣሪያውን መቱ። ሎሪው ቆመ። ጋሼ ወርደው ከሥሩ ገቡ፤ የእጃቸውን ጀርባ በየተራ በሁለቱ ክሮቸራ፣ በካምቢዮው ሆድ፣ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ሙቀቱ አንድ ዓይነት ነበር። ቁልፍ ጠየቁኝ። ስፔሶሮቹ የገቡበትን ሁለት ዳዶ ሞከሩ፤ አንደኛው ሩብ ዙር ተቀበለ፣ ሌላው አልተነቃነቀም። ከሥር ሆነው «ይንዳ» አሉ፤ ገና ሳይወጡ።